የሰሜኑ ግድግዳ

አባቴ ከሣሏቸው ሥዕሎች ግማሹን አይቼ አላውቅም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። መኖሪያችን ሞጣ ነው፤ እርሳቸው ግን ከሞጣ እስከ ጉንደ ወይን ባሉት ደብሮች እየዞሩ ይሥሉ ነበር። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ አለ፤ የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ወገን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ይሸፈናል። ወንድ በሰሜን፣ ሴት በደቡብ ቆሞ ያስቀድሳል። ስለዚህ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የደቡቡን ግድግዳ ነው፤ የእመቤታችንን ስደትና ተአምራቷን። በሰሜን በኩል ያሉትን ፈረሰኞች ሰማዕታት የማውቃቸው በወሬ ብቻ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ወንዶቹ ልጆች ደጀ ሰላሙ ላይ ስለ ነጩ ፈረስና ስለ ዘንዶው ሲከራከሩ እሰማቸው ነበር። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ሴት ገብታ እንድታይ የሚፈቅድ ቄስ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን አባቴን «ፈረሶቹ ምን ይመስላሉ?» ብላቸው፣ «ፈረስ አይተሽ አታውቂም? ፈረስ ነው የሚመስሉት» አሉኝ።

እናቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነበር። ሁልጊዜ የቆዳ ሙጫ ይሸታል። ትልልቁን ሥዕል አባቴ ግድግዳው ላይ አይሥሉትም፤ እኔ ያዘጋጀሁትን አቡጀዲ ጠቅልለው ይወስዱና እዚያው ደብሩ ላይ ሥለው ይለጥፉታል። ሙጫውን የማፈላው፣ አቡጀዲውን ሙጫና ነጭ አፈር ቀብቼ ፀሐይ ላይ የማሰጣው፣ ቀለሙን የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ብሩሽ ግን ይዤ አላውቅም። የከለከለኝ የለም፤ ሴት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስትሥል ያየ ሰው ስላልነበረ ነገሩ ለሁለታችንም በሐሳባችን መጥቶ አያውቅም። ሥራ ስፈታ በከሰል ድንጋይ ላይ ሰውና በግ ስሞነጫጭር ሲያዩኝ ግን፣ «እጁን ረዘም አድርጊው» ወይም «አንገቱ የት ገባ?» ብለው ያልፉ ነበር።

አስኳላ ያስገቡኝም እርሳቸው ናቸው። ዘመድ አጉረመረመ፤ እርሳቸው «ፊደል ከቀለም ይወለዳል፤ ዘመድ ነን» ብለው ዝም አሰኙት። ተምሬ መምህርት ሆንኩና ቢቸና ተመደብኩ።

ቢቸና ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ከእኔ በፊት እዚያ ያስተማረ አንድ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሲመለስ አንድ ሣጥን መጻሕፍት ትቶ ሄዶ ነበር። ግማሹ በየሱቁ የጨውና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል። ርእሰ መምህሩ የቀረውን እንዳየው ሲፈቅዱልኝ ሁለት መጽሐፍ አነሣሁ፤ አንደኛው ጂኦግራፊ ነው፣ ሁለተኛው ከባድ፣ ባለቀለም የሥዕል መጽሐፍ። እንግሊዝኛው ለእኔ ይጠጥር ስለነበር በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ በሳምንት አንድ ገጽ ባነብብ ነው። ሥዕሉን ለማየት ግን መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም። ከሞጣና ከተማርኩበት ከተማ በቀር አገር የማላውቅ ሰው በዚያ መጽሐፍ ስንት ባሕር ተሻገርኩ። ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት፣ ያ ሁሉ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሣር ላይ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉ ሴቶች። ከሁሉ ያስገረመኝ እመቤታችን እዚያም ሰማያዊ መልበሷ ነው። አንድ የፈረንጅ ሰዓሊና አባቴ ሳይተያዩ በልብሷ ቀለም እንዴት ተስማሙ? ይህን እንዲነግሩኝ መጽሐፉን ለገና ይዤላቸው ወደ ሞጣ ሄድኩ።

አባቴ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ገጽ ገለጡ። ስለ ሰማያዊው ብጠይቃቸው «ሰማይ የትም አንድ ነው» ብለው አለፉት። ወደ ጎን ዞረው የተሣሉ ባለጸጎችና መሳፍንት ያሉበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«እነዚህ ሁሉ ኃጥአን ናቸው?» አሉኝ።

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከሃዲ፣ ሰይጣን፣ ወይም ጌታን የሚገርፍ ወታደር ነው።

«ኃጥአን አይደሉም፤ ጌቶች ናቸው። እዚያ እንዲህ መሣል ክብር ነው» አልኳቸው።

«ክብር?» አሉና መጽሐፉን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ያኔ ነው ነገሩን ያየሁት። ገጹን የሚያዩት በግራ ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ዓይናቸውን አያንቀሳቅሱም፤ መጽሐፉን ነው ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሱት። እጄን ቀስ ብዬ በቀኛቸው በኩል ፊታቸው ላይ አሳለፍኩት። ዓይናቸው አልተርገበገበም።

«አባባ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

መጽሐፉን ከደኑት። «ከመስቀል በፊት ነው። ቀኙ ሄዷል። ግራው ግን አለ።»

«እንዴት ነው የሚታይዎት?»

«በመርፌ ቀዳዳ አገር እንደ ማየት ነው። መሐሉ አለ፣ ዙሪያው የለም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «አሁን እኔን የሚሥል ቢመጣ ከእነዚያ ጋር ነው የሚያሰልፈኝ።»

እኔ መሣቅ አልቻልኩም። በማግስቱ ቀለማቸውን በቆርቆሮ ከአዲስ አበባ ወደሚያስመጡላቸው ነጋዴ ሄድኩ። ሞጣ ገበያ ላይ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ናቸው፤ አባቴና ሁላችንም «ሐጂ» ነበር የምንላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ቤታችን መጡ።

«የእህል መኪና ከነገ ወዲያ ይወጣል፤ ከሾፌሩ ጎን ሁለታችሁን አስቀምጣለሁ» አሏቸው። «አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም አለ። ይሂዱ።»

«ግድግዳውን ልጨርስና እሄዳለሁ» አሉ አባቴ።

ግድግዳው ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለች ደብር ግድግዳ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው ታድሶ አባቴ አራቱንም ወገን እንዲሥሉ ተነግሯቸው ሦስቱን ጨርሰዋል። የቀረው ሰሜኑ ነው፤ ታቦቱ የሚነግሠው ደግሞ በሚያዝያ።

«ዓይን ከሌለ ግድግዳ ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ግድግዳ ራቁቱን ትቼ ብሄድና ሐኪሙ ቆርጦ ቢያበላሸውስ? ያለችኝን ልጠቀምባት።»

ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ። ሐጂም ለመኗቸው። እምቢ አሉ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለነበር ትቻቸው ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

በዚያ ዓመት አዲስ ግብር መጣ። መሬቱ ሊለካ ነው የሚል ወሬ በየገበያው ተዳረሰ፤ ገበሬው እምቢ አለ። መጀመሪያ ሽማግሌዎች አቤት ለማለት ወጡ፤ ቀጥሎ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተከመረ፤ መኪና ቆመ። ከዚያ ወታደር መጣ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ባልደረቦቼ ከቢቸና አትንቀሳቀሺ አሉኝ። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ብቻቸውን ናቸው።

ከቅቤ ነጋዴዎች ጋር በእግር ተነሣሁ። ጉንደ ወይን አድረን ስንወጣ ዳገቱ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ነጋዴዎቹን ፈትሸው ሲያበቁ አንዱ ወደ እኔ ዞረ። ጫማዬን አየ።

«አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ» አለኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ እንጀራሽ ከማን ነው?»

«የሰዓሊው ልጅ ነኝ» አልኩና የደብሩን ስም ጠራሁ።

ሰውየው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። የዚያች ደብር ሰው ኖሯል። «ፈረሶቹን የሚሥሉልን? መቼ ነው የሚጨርሱት? ለንግሡ ይደርሳል?» አለኝ። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። «ዘንድሮ ብንሞትም ፈረሶቹን አይተን ነው የምንሞት ተባብለናል።»

ይደርሳል አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? አሳለፉን።

ቤት ስገባ አባቴ፣ ደብሩ ድረስ መሄድ ስላቃታቸው ዘንድሮ እቤት ከወጠሩት አቡጀዲ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማን ነው አላሉም፤ እርምጃዬን ለይተውታል። ከመሳሜ በፊት፣ «ግራውም እየጨለመ ነው። አሁን እሄዳለሁ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አሉኝ።

ይህን ቃል በገና ቢሉኝ ኖሮ እንደ ወፍ ይዣቸው እበር ነበር። አሁን ግን የሚወስደን የለም። ወደ ሐጂ ሮጥኩ። በደጀን በኩል ተዘግቷል አሉኝ። በባሕር ዳርስ ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንኳን መኪና ጭነት አህያም አያልፍ» አሉኝ፤ ዓይኔን ሸሹ። ያም ሆኖ በቅሎ ለምኜ አባቴን አስቀምጬ ወጣሁ። ረፋዱ ላይ ከፊታችን ተኩስ ተሰማ፤ ከብት የሚነዱ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች እየሮጡ ወደ እኛ መጡ። አባቴ የሚመጣውን ስለማይለዩ በቅሎዋ ላይ ሆነው፣ «ምንድን ነው? ማን ነው የሚሮጠው?» እያሉ ይጮኹ ነበር። በቅሎዋን አዞርኩ። ወደ ሞጣ ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየማለዳው ተነሥተው ወደ በሩ ይሄዱና ብርሃኑን ይፈትሹታል። «ዛሬ ከትናንት ይሻላል» ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንደዚያ አይሉም። ጠበል አመጣሁላቸው። አንዲት አዋቂ የቅጠል ውሃ ጨምቃ ዓይናቸው ላይ ጨመረችላቸው፤ ሌሊቱን ሲያቃጥላቸው አደረ። እያንዳንዱ ቀን የቀረውን ብርሃን ሲወስድባቸው እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነበረብኝ። አንዳንዴ ከከተማው በላይ አውሮፕላን ያልፋል። ሰው ሁሉ ይደበቃል፤ እኔ ግን ሽቅብ እያየሁ ያ አውሮፕላን ወርዶ አባቴን አንሥቶ አዲስ አበባ ቢያደርስልኝ ምን ነበረበት እያልኩ እመኝ ነበር።

እርሳቸው ግን መሣሉን አልተውም። ከፈረሶቹ አንዱን በደህናው ጊዜ ጨርሰውት ነበር፤ የሌሎቹም ንድፍ በከሰል ወጥቷል። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዱን ሰማዕት ዓይን ሊያደርጉ ብሩሹን ነከሩ፤ በግራ እጃቸው ጨርቁን እየዳበሱ አሳረፉት።

«የት አረፈ?» አሉኝ።

ፊቴን አዞርኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጉንጩ ላይ ነው፣ አባባ።»

ብሩሹን አስቀመጡ። ተነሥተው መደባቸው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በማግስቱም አልተነሡም፤ የቀረበላቸውንም አልቀመሱም። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ ከተኙበት ሆነው፣ «ጉንጩ ላይ ያለውን ዓይን በነጭ ሸፍኚው» አሉኝ። ሸፈንኩት። «አሁን ጥቁሩን ያዢ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ከአንቺና ከእኔ ሌላ ሰው አለ እዚህ ቤት?»

«ሴት ነኝ እኮ።»

«እኔም ዕውር ነኝ» አሉ። «ያልታየ ነገር አንድ ብቻውን አይመጣም።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። አባቴ ከበስተኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቃል ይመሩኛል። «ቅንድቡ እንደ ቀስት ይሁን። አሁን ወደ ታች። ዓይኑ ትልቅ ይሁን፤ ሰማዕት ሞት ሲያይ ዓይኑን አይጨፍንም።» ቢቸና በመጽሐፍ ያየሁት ሥዕል ሁሉ አልጠቀመኝም፤ ማየት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው። ቀለም ሲያልቅብን ሐጂ ከሱቃቸው ጥግ የተረሱ ቆርቆሮዎች ፈልገው አመጡ። ቀይ ጠፍቶ ነበር፤ ለበር መቀቢያ የመጣ ቀይ ሰጡን። ቀዩ ፈረስ በበር ቀለም ነው የተሣለው።

የመጨረሻውን ፈረስ ጨርሼ ወደ ኋላዬ ስመለስ አባቴ፣ «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከፈረስ ይልቅ በቅሎ ይመስላል።»

ሣቁ። ከገና ወዲህ ሲሥቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ጆሮውን አስረዝመሽው ነው። ተዪው። በበቅሎ የሄደ ሰማዕትም አይጠፋም» አሉ። ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በብርድ ሲሠሩ የያዛቸው ሳል ነው፤ በዚያ ሰሞን ብሶባቸው ነበር።

ንግሡ ሲቃረብ የደብሩ አለቃ በበቅሎ መጡ። ቅኔ ያስተማሩ፣ ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ለአባቴ አክብሮት ነበራቸው፤ ጤናቸውን ጠይቀው ሲያበቁ ወደ አቡጀዲው ሄደው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ ብለው አዩት። የቱ ላይ እንደቆዩ አየሁ። አባቴ ከሠሩት ፈረስ ተነሥተው እኔ ወደሠራሁት ሲሻገሩ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ጣቴ ላይ ቀይ ቀለም ነበር፤ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

«ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል» አሉ አለቃው ለአባቴ። «ሰዓሊው እንዴት ናቸው ይለኛል። እኔም ሲስሉ ሰማሁ እንጂ ሲሥሉ አላየሁም እለዋለሁ።»

አባቴ ሰሙም ወርቁም ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ደም መሰለ። «አለቃ፣ ግድግዳው ራቁቱን ከሚያድር…» ብለው ሳይጨርሱ አለቃው እጃቸውን ያዟቸው።

«ሕዝቡ ዘንድሮ የሚያየው ብዙ ክፉ ነገር አለው። ፈረሶቹን ይይ» አሉ። አቡጀዲውን ጠቅልለው በበቅሏቸው ላይ ጭነው ወሰዱት።

ለንግሡ አባቴን ይዤ ሄድኩ። የመጡት ብዙዎቹ የታጠቁ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ቅጥሩ ሥር አስደግፈው ነው የገቡት። አለቃው ራሳቸው መጥተው አባቴን በእጃቸው እየመሩ በሰሜኑ በር አስገቧቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር በደቡብ ቆምኩ። በደህናው ዘመን አባቴ የሣሏትን እመቤታችንን ፊት ለፊት እያየሁ ጆሮዬ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነበር። ወንዶቹ ሲገቡ አንድ ጉምጉምታ ተሰማኝ። የአድናቆት ይሁን የቅሬታ መለየት አልቻልኩም።

አባቴ ሲወጡ ሮጬ ያዝኳቸው። «እንዴት ሆነ?»

«ምኑን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሉኝ፤ ተቆጥተው። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳስሼዋለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ሙጫው አልያዘም።»

ሞጣ ስንመለስ ሐጂ ሥዕሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ሴት ስለሆንኩ፣ አባቴ ስለማያዩ፣ እርሳቸው ሙስሊም ስለሆኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አላየነውም። ሐጂ ጺማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ሦስታችንም እኩል ነን» አሉ።

መንገዱ የተከፈተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሐጂ ቃላቸውን አልረሱም፤ በመጀመሪያው መኪና አሳፈሩን። አባቴ በዕድሜያቸው ዓባይን ተሻግረው አያውቁም ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ሲለወጥ ተሰማቸውና፣ «አሁን ምን ይታያል?» አሉኝ። ገደሉን፣ ድልድዩን፣ ጭቃ የመሰለውን ውሃ ነገርኳቸው። «ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩትን አገር ዕውር ሆኜ አለፍኩበት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይናቸውን አየና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። በዓይን ውስጥ ግፊት የሚያመጣ በሽታ መሆኑን አስረዳኝ፤ ነርቩ ሞቷል፤ የሞተውን የሚመልስ መድኃኒት የለም አለኝ። «ዓይናቸው ትንሽ እያየ ሳለ ብትመጡ ያን ማቆየት ይቻል ነበር» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ወደ ክፍሉ ስመለስ አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ቆመው ጠበቁኝ። ምን አለ ብለው አልጠየቁኝም። «እንሂድ፤ መኪናው እንዳያመልጠን» አሉ።

ሞጣ መመለስ ስላልፈለጉ ቢቸና ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ላጽናናቸው ብዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን የጂኦግራፊ መጽሐፍ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር፤ ስለ በረሃ፣ ስለ በረዶ አገር፣ ስለ እሳት ተራራ። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ «እዚያ ጥላው ምን ዓይነት ነው?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እጄን ይዘው አስቆሙኝ።

«አታንብቢልኝ» አሉ። «ስታነቢ ሥዕሉ ይመጣብኛል። ሥዕሉ ሲመጣ እጄ ይበላኛል። ሌሊቱን ሙሉ ያቅበጠብጠኛል።»

መጽሐፉን ከደንኩት። ከዚያ ወዲያ ያን መጽሐፍ ለራሴም ማንበብ አቃተኝ።

በኋላ በዱላ እየዳበሱ ከከተማው ዳር ወዳለው ቅኔ ቤት መሄድ ለመዱ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቹ ሲቀኙ ይሰማሉ። ዕውር ሽማግሌ ቅኔ ቤት ሲያዘወትር ሰው የሚጠረጥረው ሊቅ መሆኑን ነው፤ ተማሪዎቹም እየመጡ ቅኔያቸውን እንዲያርሙላቸው ይጠይቋቸው ነበር። መጀመሪያ «እኔ ሰዓሊ ነኝ» ይሏቸው ነበር። ተማሪዎቹ ይህም ምሥጢር ያለው ነገር መስሏቸው ሲፈቱት ይውላሉ። እየቆየ እርሱንም መናገር ተዉ፤ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

የሞቱት ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ክረምት ነው፤ ያ ሳል ነው የወሰዳቸው። ሞጣ ወስጄ ከእናቴ ጎን ልቀብራቸው አልሆነልኝም፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። ለቅሶው ላይ የመጣው የቢቸና ሰው የመምህርቷ አባት ከማለት በቀር አያውቃቸውም። አልቃሿ ከመጀመሯ በፊት ጎንበስ ብላ፣ «እመቤቴ፣ ምን ይሠሩ ነበር? ምን ብዬ ላልቅስላቸው?» አለችኝ።

«ሰዓሊ ነበሩ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ለአራሽ፣ ለአዳኝ፣ ለጀግና የሚሆን ግጥም ሞልቷታል፤ ለሰዓሊ የሚሆን ግን ከእናቷም አልተማረችም፤ ሰምታም አታውቅም። የምታውቀውን ጀመረች። በሬም ጠመንጃም ኖሯቸው የማያውቁት አባቴ ጥማድ በሬያቸው እየተጠራ፣ ምንሽራቸው እየተወደሰ ተለቀሰላቸው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰው ደረቱን ይመታል። እኔም ሌላ የምለው ስላልነበረኝ እየተቀበልኩ አለቀስኩ።